የፖጆ ሴኮ ምንጭ ድንበር

ይህን የምጽፈው ለአጥቢያችን ሰዎች ነው። ከሮም ከተመለስኩ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በገበያም፣ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባም «ምን አየህ?» እያላችሁ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችሁኝ። ለአንዱ ያወራሁትን ሌላው ለውጦ ያወራዋል፤ ባለፈው ሳምንት «ጣልያን አገር ዳኛ ሆኖ ተሾመ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ የሚያነብ ለማያነበው ያንብብለት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሕተት ያገኘ ለራሱ ያርመው እንጂ እኔ ዘንድ አይምጣ።

ልጄ ጽጌ ሮም ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራለች። «አባባ፣ ዐይንዎን ሳላይ እንዳልቀር» ብላ ትኬት ላከችልኝ። ትኬቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የመውጫ ፈቃዱ ነው። ማኅበሩ ጻፈ፣ ወረዳው ጻፈ፣ አውራጃው ጻፈ፤ ሁሉም ዋስ አምጣ አለ። አዲስ አበባ ያለው ሹም ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ፣

«ሽማግሌ፣ ከሄዱ በኋላ ይመለሳሉ?» አለኝ።

«በሬዎቼን ለጎረቤት ጥዬ ነው የምሄደው፤ ያ ሰው ደግሞ በሬ መያዝ አያውቅበትም። እንዴት አልመለስም?» አልኩት።

ሳቀና ማኅተሙን መታ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ አይከፋው፤ እውነት ነው።

የተነሣሁት ጥቅምት ኪዳነ ምሕረት፣ ቅዳሜ ነው። በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ፣ በመኪና ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። የያዝኩት በሶ፣ ሽሮ፣ በጀሪካን ማርና ዱላዬን ነው። እሑድ አዲስ አበባ ዋልኩ። ሰኞ አውሮፕላን በር ላይ አንዲት ልጅ ዱላዬን ወሰደችብኝ።

«ማንን እመታበታለሁ ልጄ?»

«ሕግ ነው አባባ፣ ሲወርዱ እሰጥዎታለሁ።»

እውነትም ስወርድ ሰጠችኝ። ስለ አውሮፕላኑ የምነግራችሁ የለኝም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነው የከረምኩት።

ማክሰኞ፣ ገብርኤል ዕለት ሮም ገባሁ። ዕቃ የሚፈትሸው ወታደር ጀሪካኑን ክፈት አለኝ፤ ከፈትኩ። አዘንብሎ ሲያሸት ማሩ እጅጌው ላይ ፈሰሰበት። ተቆጣ፤ ከዚያ ላሰው፤ ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ አስላሰው። ሌላውን ጓዝ ሳይከፍት አሳለፈኝ። ጽጌ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን እናቷን መስላለች፤ አነጋገሯ ብቻ በየመሀሉ «አሎራ»፣ «ቫ ቤኔ» ይገባበታል። «እንግዲህ»ና «እሺ» ማለት ነው።

ሮም የጡብና የፈራረሰ ድንጋይ ከተማ ናት። የፈረሰውን ድንጋይ አጥር ሠርተው ይጠብቁታል፤ እኛ ብንሆን በድንጋዩ አጥር እንሠራበት ነበር። የጽጌ እመቤት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። የሚያወጣ ሳጥን አለው፤ አልገባም አልኩ። በሕይወቴ ሳጥን ውስጥ የምገባው አንድ ጊዜ ነው። በእግሬ ወጣሁ፣ በእግሬ ወረድኩ፤ እስከመጨረሻው እንዲሁ ነው ያደረግኩት።

ማታ ሽሮ ሠርታ አበላችኝና ነገሯን ነገረችኝ። እመቤቷ ሲኞራ ኤልቪራ ትባላለች። ሲኞራ ማለት እንደ እኛ እመቤት ነው። ከሮም ወጣ ብሎ ተራራ ላይ የአባቷ አጥቢያ አለ፤ ከወይን ለቀማ ጀምሮ እዚያ ናት። እኛም ሐሙስ ወደዚያ እንሄዳለን።

«አባባ፣ ፔርሜሶዬ በሚመጣው ወር መጨረሻ ያልቃል» አለችኝ። ፔርሜሶ የመኖሪያ ወረቀት ነው። «አሠሪ ካልፈረመ አይታደስም። ሲኞራ ካልፈረሙልኝ ወይ አገሬ መግባት ነው፣ ወይ እንደ ሌባ መደበቅ።»

«አገርሽ ብትገቢስ?»

«የወጣሁበትን ያውቁት የለ?»

አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

«ስለዚህ እዚያ ስንደርስ እርስዎ እንደ ልማድዎ አፍዎ ላይ የመጣውን እንዳይናገሩ። ሴትዮዋ ቂመኛ ናቸው።»

«ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ።»

«ቢጠይቁዎትም።»

«ይህንስ አልማልልሽም» አልኳት።

ረቡዕ ከቤቷ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። እዚያ ጫማ የሚያወልቅ የለም፤ ማን ያውቃል ይህን? ስወጣ ጫማዬ የለም። ጽጌ ተናደደች፣ እኔም በካልሲ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ የምትለምን አንዲት ሴት ጠራችንና ከቀሚሷ ሥር ጫማዬን አውጥታ ሰጠችኝ። ሌባ እንዳይወስደው ተቀምጣበት ነበር። ከትልልቁ የሮም ነገር ሁሉ ይህችን ሴት ነው የማስታውሰው።

ሐሙስ፣ ማርያም። አውቶቡሱ የሚነሣው ተርሚኒ ከሚሉት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ የእኛ አገር ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። እኔን ሲያዩ ሠላሳ የሚሆኑት አንድ ጊዜ ብድግ አሉ! ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ የጣልያን መንገደኛ ቆሞ ያያል፤ ጳጳስ መሰልኩት መሰለኝ። «አባባ፣ ዝናብ ደህና ነበር? እህሉስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ማንነቴን የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የጠየቁት ዝናብ ነው። አንዷ ብርቱካን በጉያዬ ከተተችልኝ።

ሰማያዊው አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። መጨረሻው ላይ መንገዱ እንደ እኛ ቁልቁለት ይጠመዘዛል፤ ተሳፋሪውም አሥር ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ በመጨረሻ እኔና ጽጌ ቀረን።

ፖጆ ሴኮ ደረቅ ኮረብታ ማለት ነው አሉኝ። አጥቢያውን ልንገራችሁ። በምሥራቅ ጅረት ነው፤ በምዕራብ ካስታኛ የሚሉት ዛፍ ደን ነው፤ ፍሬው ጃርት የመሰለ እሾሃም ቆዳ አለው፣ ውስጡ ተጠብሶ ሲበላ ስኳር ድንች ስኳር ድንች ይላል። በሰሜን አናቱ የፈረሰ ግንብ ያለበት ጉብታ፣ በደቡብ የመጣንበት መንገድ። መሀሉ ላይ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ ሰው ከቅዳሴ መውጫ እስከ ምሳ ይዞረዋል። አፈሩ ቀይ ሆኖ ጠጠር የበዛበት ነው፤ ከእኛ ቆላ ማሳ ጋር እኩል ነው፣ ከደጋው ግን አይደርስም። ውኃ ያለው ከደኑ ሥር ከምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነው። የነገሩም ሁሉ ምክንያት እሷ ናት።

ሲኞራ ኤልቪራ ቀጥ ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን የጠቀለለች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። እኔ ግን አንቺ ነው ያልኳት፤ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ቀዝቃዛ ስለነበር ያለ ቃል ወደ ጓዳ ገብታ የሞተ ባሏን ካፖርት አመጣችልኝ። እጅጌው ረዘመብኝ። ተንበርክካ በመርፌ አሳጠረችልኝ፤ ጽጌ «እኔ ልስፋው» ብትላት እጇን መታ መለሰቻት።

ዓርብ፣ ዑራኤል። ለእነሱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር። የአጥቢያው ልማድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ቄሱ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ይበላል። ሁሉም ስል አሥራ ስምንት ሰው ነው። ቄሱ ዶን ሉካ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጺም የሌለው ሰው ነው። የበግ ጥብስ መጣ፤ ዓርብ ነው አልበላም አልኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው በግ አርቢ ኦታቪዮ፣

«በቴሌቪዥን የአገርህን ረሃብ አይተናል። እውነት ነው?» አለኝ በጽጌ አፍ።

«እውነት ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ብላ!» ብሎ ሥጋውን ገፋልኝ።

ረሃብ ሌላ፣ ጾም ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ አንዲት ሴት ሽምብራና ካስታኛ በዘይት ብቻ የተሠራ ሾርባ አመጣችልኝ። ሽምብራውን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ወይኑ ሲዞር ጸቡ ተነሣ። የሲኞራና የኦታቪዮ መሬት ይዋሰናል። ድንበራቸው ላይኛው ድንጋይ ደኑ ጥግ፣ ታችኛው ድንጋይ ጅረቱ ዳር ቆመዋል፤ መሀለኛውን ድንጋይ ግን ከዓመታት በፊት ትራክተር ነቅሎታል። ድንበሩ እዚያ ላይ ይታጠፍ ስለነበር፣ ድንጋዩ ከምንጯ ወደ ኦታቪዮ በኩል ከነበረ ምንጯ የሲኞራ ናት፤ ወደ ሲኞራ በኩል ከነበረ የኦታቪዮ። የኦታቪዮ መሬት አባቱ ከሌላ አገር መጥቶ የገዛው ነው፤ ድንጋዩ የት እንደነበር አያውቅም። «በጎቼ በበጋ ከጅረት ነው የሚጠጡት፤ ጅረቱ ይደርቃል» ይላል። ሲኞራ ደግሞ «የአባቴ ምንጭ ነው» ትላለች። ጮኹ። እሱ ጠረጴዛውን መታ፣ እሷ ቢላዋውን ይዛ ቆመች።

እኔ ተነሣሁና «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቋንቋውን የሚያውቅ የለ፤ ግን ሁሉም ዝም አለ። ቃሉ በየትም አገር ይሠራል ማለት ነው። ሲኞራ ተቀመጠችና ከፊቷ ካለው ጠርሙስ ቀዳችልኝ። ኦታቪዮም ከራሱ ጠርሙስ ቀዳልኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ። ከዚያ «ከድንጋዩ ሥር ምስክር አልተቀበረም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እናንተ የድሮዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ግን አታውቁትም፣ አዋጁ መሬቱን ሁሉ የመንግሥት ካደረገው ወዲህ ድንበር የሚተክል የለም፤ የእኔም የድንበር ዳኝነት ሙያ ሥራ ፈትቷል። ድንበር ሲተከል ከድንጋዩ ሥር ከሰልና ገል ይቀበራል። ድንጋይ ይነቀላል፣ ሰው ይሞታል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም። ምስክር የምንለው እሱን ነው። ጽጌ ስትተረጉመው ዶን ሉካ ከወንበሩ ዘለለ። በእነሱም ዘንድ የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ ይቀብሩ ኖሯል፤ ስሙንም ምስክር ነው የሚሉት!

ሲኞራ «መሬት አይናገርም» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጽጌ እጄን ያዘች። «አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ሽምግልና ተቀበልኩ።»

«ማን ሰጠዎት?»

«ሁለቱም ቀዱልኝ አይደለም? ሁለቱም ወገን የቀዱለትን የጠጣ ሽማግሌ ነው።»

«ወይን እኮ ነው የቀዱልዎት! ለማንም እንግዳ ይቀዳል!»

«ታዲያ አንዱ ሲቀዳልኝ ሌላው ለምን ቀዳ?»

«ከአንዱ ላለማነስ ነዋ!»

«እኛም አገር በዚሁ ምክንያት ነው» አልኳት። ሳቀችም አለቀሰችም። እኔ ግን የጠጣሁትን አልተፋም።

ቅዳሜ፣ ጊዮርጊስ። ለእነሱ የሙታን ቀን ነው፤ ጠዋት ሁሉም መቃብር አበባ ይዞ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በጦርነት የሞቱ ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል። ዶን ሉካ ሁለቱ የሞቱት በእኛ አገር መሆኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «እነሱ የገደሏቸው ግን ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የለም በዪው።»

ጽጌ እንዳልኩት ተርጉማዋለች ብዬ አምናለሁ፤ ቄሱ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ክንዴን ይዞ አጥቢያውን አዞረኝ።

የሚቀጥለውን የነገረኝ እሱ ነው፤ ከአጥቢያው መዝገብ ነው ያነበበው። ድሮ ኮረብታው ሁሉ ሮም የሚኖር የአንድ መስፍን ርስት ነበር። ገበሬው ያመረተውን እኩል ያካፍላል፤ በገና ደግሞ ዶሮ ተሸክሞ ይሄዳል። «ጭሰኛ ነበራችኋ!» ብዬ ሳቅኩ። እኛን ሊገዙ የመጡት ሰዎች በአገራቸው የጭሰኛ ልጆች እንደነበሩ ማን ነገረን? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት መሬቱን አከፋፈላቸው። መሬቱን ባገኙ ማግስት ልጆቻቸው ጥለውት ሮም ገቡ። አርባ ቤት ቆጠርኩ፤ ጭስ የሚወጣው ከዘጠኙ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ድርቆሽ ተከምሯል። በእኛ ዘንድ መሬት ለሰው አልበቃም፤ በእነሱ ዘንድ ሰው ለመሬት አልበቃም። ከተዘጉት ቤቶች በአንዱ ደጅ በለስ ያለ ሰው በስሎ ወድቋል፤ በልቼለታለሁ።

መንገድ ላይ ምስክሩን ፈልጌ እንደማወጣ ለዶን ሉካ ነገርኩት። በሽምግልና መቀመጤን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ግን ለሁለቱም ነገረልኝ። ኦታቪዮ እሺ አለ። ሲኞራም «ሽማግሌው ደስ ካለው ይቆፍር። ድንጋይ ነው የሚያገኘው፤ እዚህ ሌላ ነገር የለም» አለች።

እሑድ ተሰብስበው መጡ፤ አካፋም አመጡልኝ። እሑድ አልቆፍርም አልኩ። ተለማመኑኝ። አልቆፍርም። ተበትነው ሄዱ።

ሰኞ ሳይነጋጋ ከጽጌ ጋር ወረድኩ። የድንበር ሰው ጫማ አያደርግም፤ አወለቅኩ። መሬቱ እንደ በረዶ ነው። ሁለቱን የቆሙ ድንጋዮች አየሁ፣ ምንጯን አየሁ፣ ዞርኩ። ከምንጯ ወደ ሲኞራ በኩል አምስት እርምጃ ላይ፣ ማረሻ የማይደርስበት ቦታ አንድ አሮጌ የቀጋ ቁጥቋጦ ነበር። ቀጋ ማንም አይዘራውም፤ ወፍ ናት ፍሬውን በልታ የምትዘራው። ወፍ ደግሞ በሜዳ ላይ የምታርፈው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ነው። ቀጋውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ድንጋዩ የነበረው እዚያ ከሆነ ምንጯ የኦታቪዮ ናት።

ቆፈርኩ። ጉልበት በማይሞላ ጥልቀት ከሰል ወጣ። ከሥሩ አራት ስብርባሪ ቀይ ሸክላ። አፈሩን ጠርጌ ገጠምኳቸው፤ እንደ አንድ ሳህን ገጠሙ፤ ሆን ተብሎ ተሰብሮ የተቀበረ ምስክር ነው ማለት ነው።

ጽጌ የድንበሩን ነገር ሰምታዋለችና ማስረዳት አላስፈለገኝም። አፏን በሻርፗ ያዘች።

«አባባ፣ ይድፈኑት።»

ሸክላዎቹን ጉድጓዱ ዳር ደረደርኳቸው።

«ማንም አላየም። አላገኘሁም ይበሉ። ስለ እኔ ብለው። ወር ሙሉ እንኳ አልቀረኝም፤ ይህን ካሳዩ አይፈርሙልኝም። የት እገባለሁ?»

«አልደፍንም።»

«ለማያውቁት ሰው በግ ብለው ልጅዎን?»

«ለበግ ብዬ አይደለም። አልደፍንም።»

ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትወጣ ሰዎቹ መጡ። ሸክላውን ለያይቼ፣ ገጥሜ አሳየኋቸው። ዶን ሉካ አማተበ። ኦታቪዮ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ መጣ፤ «ቆይ፣ ለአንተ ብዬ አይደለም» ብዬ በዱላዬ አቆምኩት። ሲኞራ ጎንበስ ብላ ሸክላውን አየች፣ አልነካችውም። ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማክሰኞ ድንጋዩን መልሰን ተከልን፤ ሲኞራ አልመጣችም። ቤት ውስጥ ጽጌን «ይህን አንሺ፣ ያን አምጪ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ለእኔ ግን ሾርባዬን በሰዓቱ አስቀርባለች፤ ይህንም መናገር አለብኝ። ኦታቪዮ አንድ ትልቅ ክብ አይብ ተሸክሞ መጣ። ከፍርድ በፊት የሚመጣ አይብ ጉቦ ነው፣ ከፍርድ በኋላ የሚመጣም የዘገየ ጉቦ ነው፤ መለስኩት። ደጅ ላይ ትቶት ሄደ። የቄሱ ውሻ በላው።

ረቡዕ፣ መድኃኔዓለም። ሦስታችንም በአውቶቡስ ወደ ሮም ተመለስን። ሲኞራ ፊት ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች፣ እኛ ከኋላ። ጽጌ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆይታ፣ «ዕቃዬን ጓደኛዬ ጋ አስቀምጣለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አምስተኛ እሆናለሁ» አለችኝ። እንደ ክስ አልነበረም፤ እንደ ወሬ ነው ያለችው። ክስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፎቁን በእግሬ ስወጣ በየደረጃው አረፍኩ።

ሐሙስ፣ አማኑኤል። የምመለስበት ቀን ነው። ጠዋት ወጥ ቤት ተቀምጠን ጽጌ ጓዜን ስታስር ሲኞራ ገባች። የፔርሜሶውን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አልፈረመችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። የጽጌ ፊት ተለዋወጠ።

«ምን ትላለች?»

«'ድንጋዩ የት እንደነበር አውቅ ነበር' ይላሉ። 'አባቴ ሲተክለው ሸክላውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትራክተሩ ሲነቅለው መሬቱም ይረሳዋል ብዬ ነበር' ይላሉ።»

ጽጌ የጓዜን ገመድ ለቀቀችው።

«'የልጅህ ኑሮ በእኔ ፊርማ ላይ መሆኑን ታውቅ ነበር?' ይላሉ።»

«አውቅ ነበር በያት።»

«'ከጉድጓዱ አጠገብ ከልጅህ በቀር ሰው አልነበረም። ለምን አልደፈንከውም?' ይላሉ።» ይህን ስትተረጉም ጽጌ ራሷም እየጠየቀችኝ ነበር።

«አንድ ጊዜ ደፍኜ ስለማውቅ ነው በያት።»

ጽጌ አልተረጎመችም። «የማንን አባባ?» አለችኝ።

«የአክስትሽን። የአስካለን።»

ከዚያ ተረጎመችው። ሲኞራ ዐይኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አልሳቀችም፣ አልመከረችኝም። እስክሪብቶውን አንሥታ ፈረመች። ጽጌ ወረቀቱን ከሁለት በኩል ያዘችላት።

ሮም ያየሁት ይህ ነው። አስካለ እኅቴ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያድርግ። ባልሽ ከሞተ በኋላ ከታላቅ ወንድማችን ጋር በድንበር ስትከራከሩ ዳኛው እኔ ነበርኩ። ምስክሩን አግኝቼው ነበር፤ አንቺ ባልሽው ቦታ ነበር። ወንድማችንን ፈርቼ መልሼ ደፈንኩትና ድንጋዩን ወደ አንቺ አስጠጋሁት። አዋጁ ወጥቶ ድንበሩ ሁሉ ሲቀር እፎይ አልኩ። መሬቱ ዛሬ የመንግሥት ነው፤ የምመልስልሽ የለኝም። ግን ከትልቁ ወይራ ሥር ተነሥተሽ ወደ ገደሉ አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥረሽ አስቆፍሪ፤ ከሰሉ እዚያው ነው። ውሸታም ያሉሽ ሁሉ ከበው ይዩት። መጀመሪያ ያልኩሽ እኔ ነኝና፣ ፊት ለፊት እኔ እቆማለሁ።